እግር መጥረጊያው ላይ ያለው ሰውዬ

ራዲዮው የፓርቲው ሊቀ መንበር መለወጡን ሲናገር አዲሱ ሊቀ መንበር ደጃፍ ላይ ተነጥፎ እግር ይጠረግበት ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሹፌሩ ሊላጭ አገጩን አረፋ ቀብቶ መስታወት ፊት ቆሟል፤ ሚስቱ የልጃቸውን ጫማ ታስራለች፤ ራዲዮው ስለ ዝናብና ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ሲለፈልፍ ቆይቶ ድንገት ዘፈኑን አቋረጠና «ማዕከላዊ ኮሚቴው ትናንት ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ» ብሎ ጀመረ። የበፊቱ ሊቀ መንበር በገዛ ፈቃዳቸው ተነሥተዋል አለ። በገዛ ፈቃዱ ከወንበር የተነሣ ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ግን ይሁን፣ ራዲዮ አለ ካለ አለ ነው። በምትካቸው የተመረጡት ሰው ስም ሲጠራ ግማሽ ጢሙን የተላጨው ሹፌር ምላጩን አገጩ ላይ እንዳስደገፈ ደርቆ ቀረ። ሚስቱም የጫማውን ማሰሪያ ለቀቀችው። ሁለቱም እኩል ወደ በሩ ዞሩ። ስሙ የተጠራው ሰውዬ ከነፈገግታው እዚያው ከበሩ ውጭ ደጃፉ ላይ ተዘርግቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ያኔ ለምርጫ ሲወዳደር በየቤቱ ሁለት ሁለት ካናቴራ ታደለ። ደረቱ ላይ ትልቅ ፊት፣ ፊቱ ላይ ትልቅ ፈገግታ አለው፤ ሰፈሩም ወዲያው «ፈገግታው» ብሎ ስም አወጣለት። ዓመት ሳይሞላ ፈገግታው በግምገማ ተባረረ። ሌባ ነው፣ ከሃዲ ነው፣ ካናቴራውን ለብሶ የተገኘ ወዮለት ተባለ። የግቢው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነችው ሴትዮ ካናቴራዎቹን ከየቤቱ ለቅማ እንድታስረክብ ታዘዘች። ለቀመች፤ ተረካቢ ግን ጠፋ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራት፣ ያኛውም «ነገ ነይ» ሲላት ሰነበተችና በመጨረሻ ተናዳ ለየባለቤቱ መለሰችው። «ጥሩ ጥጥ ነው፤ አትጣሉት፣ ወልውሉበት» አለች። ከዚያ ወዲያ ግቢው በሙሉ በፈገግታው ወለል ወለወለ፣ መስኮት አበሰ፣ ብስክሌት ጠረገ። «በሕይወቱ ለሕዝብ የጠቀመው አሁን ነው» እየተባለም ተሳቀ። የሹፌሩ ሚስት እጇ ማረፍ አያውቅምና የደረሷትን ሁለት ካናቴራዎች በጆንያ ላይ ደርባ ሰፍታ እግር መጥረጊያ አደረገቻቸው። ፊቱን ወደ ላይ ያደረገችው በክፋት አልነበረም፤ ጀርባው ቶሎ ስለሳሳ ነው። ሹፌሩ ግን ደስ አለው። ያን ጊዜ ፈገግታውን መርገጥ ነጥብ ያስገኝ ነበር። የፓርቲ ሰዎች መዋጮ ሊሰበስቡ ሲመጡ «ግቡ፣ ግቡ፣ መጀመሪያ ግን እግራችሁን በከሃዲው ጥረጉ» ይላቸዋል፤ እነሱም ይስቁና ሁለቴ ሁለቴ ይጠርጋሉ።

እንግዲህ ያ ሰውዬ ነው አሁን ሊቀ መንበር የሆነው። ሹፌሩ አረፋውን በእጁ ጠርጎ «አንሺው! ኧረ አንሺው!» ሲል በሩ ተንኳኳ። የሹፌሩ ሚስት ከፈተችው። ሰብሳቢዋ ናት፤ እዚያው መጥረጊያው ላይ ቆማለች። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ኮሚቴ የሆነችውም ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው። ከጎናቸው ባለችው አንድ ክፍል ትኖራለች፤ ልጅቷንም በየቀኑ ከትምህርት ቤት የምታመጣት እሷ ናት።

«ሰምታችኋል መቼም» አለች።

«ሰምተናል እትዬ።»

«አሥር ሰዓት ላይ አዳራሽ ስብሰባ አለ። የእንኳን ደስ አለዎት ነው። ማንም እንዳይቀር ተብሏል።» ይህን ብላ ለመሄድ ስትዞር ዓይኗ ወደ እግሯ ወረደ። አንዱን እግሯን አነሣች፣ ቀጥላ ሌላውን፣ ፍም እንደረገጠ ሰው ወደ ጎን ወረደች። ቀና ብላ የሹፌሩን ሚስት ዓይን ዓይኗን አየቻት። ልትናገር አፏን ስትከፍት ከግቢው ማዶ የሆነ በር ሲጢጥ አለና አፏን መልሳ ገጠመችው። «ልጅቷን እኔ አመጣታለሁ» ብላ ጉልበቷን እየደገፈች ሄደች።

በሩ እንደተዘጋ ባልና ሚስቱ በሹክሹክታ ተያያዙ። አየች ወይ ይላታል፤ ቆማበት እኮ ነው ትለዋለች። ምን አለች ይላታል፤ ምንም አላለችም ትለዋለች። «ደግሞ እሷ ሰብሳቢ ናት» አላት፤ «ላሳውቅ ብትል ግዴታዋ ነው፣ ባታሳውቅ ደግሞ ያየ ሌላ ሰው ካለ ለራሷ ትገባበታለች። አንቺ በሷ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» ሹፌሩ የሚፈራበት ሌላም ምክንያት ነበረው። መሥሪያ ቤት የሚያሽከረክርላቸው ምክትል ኃላፊ የበፊቱ ሊቀ መንበር ሰው ናቸው። እንዲህ ባለ ጊዜ የአለቃ ሹፌር ማለት የአለቃ ጅራት ማለት ነው፤ አለቃው ሲጎተት እሱም ይጎተታል። በዚያ ላይ እግር መጥረጊያ ሲጨመርበት አስቡት። ግማሽ ጢሙን ሳይላጭ ወጣ።

ሚስቱ መጥረጊያውን ፊቱን ወደ ውስጥ ጠቅልላ በላስቲክ ከረጢት ከተተችው። እቤት ማቃጠል አይቻልም፤ ጭሱን ግቢው ሁሉ ያያል። ቆሻሻ ላይ መጣልም አይቻልም፤ ቆሻሻ የሚለቅሙት ይዘረግፉታል። ማጠብማ የማይታሰብ ነው። የምትሠራው ልብስ ንጽሕና ቤት ነውና ስንት ዓመት የተረገጠ ፊት በምንም ሳሙና እንደማይጸዳ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ከረጢቱን ቦርሳዋ ሥር አድርጋ የልጅቷን ሹራብና የምሳ ዕቃዋን ከላይ ደረበችበት። ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሳ ብቻዋን ስትቀር ቦርሳው ከመጠን በላይ ከበዳት።

መንገዱ እንደ ወትሮው ነበር፤ ያስፈራትም ይኸው ነው። ሊስትሮው ጫማ ይጠርጋል፣ ታክሲው ይጮኻል፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ አለ። ዳቦው ከትናንት ዋጋው ጨምሮ አደረ። አንዱ ሰልፈኛ «ሰውዬው ቃለ መሐላ ሳይፈጽም ዋጋው ተሾመ» ሲል ሁለት ሰዎች ሳቁና ወዲያው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ኋላቸው ተገላመጡ። ተናጋሪውም የገዛ አፉ አስደንግጦት ሰልፉን ጥሎ ሄደ። ባንኩ ጋ ስትደርስ ፖሊሶች ገመድ ወጥረው ሰው ይፈትሻሉ። መመለስ አማራት፤ ግን ፖሊስ አይቶ የተመለሰ ሰው ደግሞ ምን ይባላል? እግሯ ራሱ እየሄደ አደረሳት። ወጣቱ ፖሊስ ሹራቡን አወጣ፣ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ አየ፣ ከዚያ ከረጢቱን ጨበጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ ነው ወንድሜ። ልብስ ንጽሕና ቤት ነው የምሠራው።»

የከረጢቱን አፍ ፈታ አደረገው። በዓይኗ ፊት የመጣችው ልጇ ናት፤ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማ ማን እንደሚመጣ ስትጠብቅ አየቻት። ፖሊሱ ግን አፍንጫውን ይዞ ፊቱን አዞረ። «ኧረ ይሄ ይሸታል!» አላት። «ለእሱ እኮ ነው የሚታጠበው» ብላ እንዴት እንደመለሰች እሷም አታውቅም። ከረጢቱን ወርውሮ መለሰላትና በእጁ ሂጂ አላት። ስንት ሰው የጠረገበት የእግር ሽታ አወጣት፤ ፈጣሪ ሲያድን በሽታም ቢሆን ያድናል።

ልብስ ንጽሕናው አንድ ረጅም ጠባብ ቤት ነው። ፊት ለፊት ባንኮኒ፣ መሃል ላይ የመተኮሻ ጠረጴዛዎች፣ ጓሮ በኩል ውሃ የሚፈላበት በርሜልና ከሥሩ የማይጠፋ እሳት። ባለቤቱ ሽማግሌ ገና በማለዳ ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለውን የበፊቱን ሊቀ መንበር ፎቶ አውርደዋል። በቦታው ነጣ ያለ አራት ማዕዘንና አንድ ትልቅ ምስማር ቀርቷል። አጣቢዋ «ምስማሩንስ አይነቅሉትም?» ስትላቸው «ምን በወጣው!» አሉ፤ «እኔ ይህን ቤት ከከፈትኩ ስንት ሰው ተሰቅሎበት ወረደ። በዚህ አገር ቋሚ ሹመት ያለው እሱ ብቻ ነው።» አጣቢዋ በሳቅ ፈረሰች። የሹፌሩ ሚስት ግን ሳቁ አልመጣ አላት፤ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ሥር በእግሯ ገፋ አድርጋ ካውያዋን አነሣች።

ከረፋዱ ጀምሮ ቤቱ በሰው ተጨናነቀ፤ ሁሉም ለስብሰባው የሚለብሰው ሱፍ ባስቸኳይ ይተኮስልኝ ይላል። ሽማግሌውም ጊዜ አይተው የአስቸኳዩን ዋጋ እጥፍ አደረጉት፤ ማንም አልተከራከረም። አንድ የሒሳብ መምህር ያለችውን አንዲት ኮት ይዞ መጣ። ባለፈው ፈገግታውን ለማውገዝ ተሰብሰቡ ሲባል ያስተኮሳት ያችው ኮት ናት። ባንኮኒው ላይ ዘርግቷት «አይ እንግዲህ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አለና ተነፈሰ። ሽማግሌው ወደ በሩ አይተው «መምህር፣ እባክህ፣ እኛ እዚህ ጉልቻም አላየን ወጥም አልቀመስን፤ ኮትህን ስምንት ሰዓት ላይ ውሰድ» አሉት። መምህሩም ምን እንዳለ ያን ጊዜ ገባውና «ስለ ቤቴ ነው ያወራሁት እኮ፣ ስለ ሚስቴ» እያለ ሳይጠየቅ እያስረዳ ወጣ። እሱ ከወጣ በኋላ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ቆየ፤ ሁሉም የሚያስበው ይህን ነገር ከመሃላችን ማን ያደርሰው ይሆን ብሎ ነው።

ሰው ሲቀል አጣቢዋ ወደ ሹፌሩ ሚስት ጠጋ አለች። ወሬ ሳታወራ መዋል የማትችል፣ ግን ክፋት የሌለባት ሴት ናት። ባለፈው ለውጥ ጊዜ በእህቷ ባል ላይ የደረሰውን ነገረቻት። ጎረቤታሞች አንድ ላይ ተቀምጠው ቢራ ሲጠጡ የሆነ ነገር ተባለ፤ ማን እንዳለው እንኳ በውል አይታወቅም። «ከመሃላቸው አንዱ በበነጋው ሄዶ ተናገረ። ቀድሞ የተናገረው ምስክር ሆነ፣ ዝም ያሉት ተከሳሽ ሆኑ። የእህቴ ባል ዝም ካሉት ነበር። እኔ አሁን ምን እላለሁ መሰለሽ? ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ጎረቤት አልነበረውም።» የሹፌሩ ሚስት ካውያውን አንድ ቦታ ላይ ረስታው ኮቱ መሽተት ጀመረ። በደመ ነፍስ አነሣችው። ሰብሳቢዋ ጠዋት ያየቻት አስተያየት መጣባት። ምን ነበር ያ? ቁጣ ነው? ማስጠንቀቂያ ነው? ወይስ እንደኔ ፈርታ ነው? አንድን ፊት እንዲህ ደጋግሞ ሲያስቡት መጨረሻው ሁልጊዜ ክፉ ነው።

ሽማግሌው ለምሳ ሲወጡ ጓሮ ሄደች። የከረጢቱን አፍ ሳትፈታ በርሜሉ ሥር ወረወረችው። ላስቲኩ ተኮማትሮ ሲቀልጥ ጥቅልሉ ተፈታና ፈገግታው ፊቱን ወደሷ አዞረ። ቀለሙ ጥቁር ጭስ እያወጣ ነደደ። እንጨት አንሥታ እስከ መጨረሻው ቆሰቆሰችው። ልቧ ትንሽ አረፈ፤ አሁን የቀረው ምስክር አንድ ሰው ብቻ ነው ብላ አሰበች። ይህን እንዳሰበች ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው፤ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«ዕቃው?»

«አልቋል። የለም።»

«ከእትዬ በቀር ያየ አለ?»

«እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ከበስተጀርባው የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። «አለቃዬን ወሰዷቸው» አላት፤ «ከቢሯቸው፣ ሻይ እየጠጡ። መኪናውን አስረክብ ብለው ቁልፉን ከእጄ ተቀበሉኝ። አንደኛው ስንት ዓመት ነው አብረሃቸው የሠራኸው አለኝ።» ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር «እሺ» አለና ዘጋው። አሥራ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ያንን እሺ ታውቀዋለች። አስቦ የጨረሰ ሰው እሺ ነው። መልሳ ልትደውልለት ስልኩን አነሣች፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ አኖረች፣ ምን እንደምትለው ግን ማሰብ ፈራች። ብትጠይቀው ይነግራታል፤ ከነገራት ደግሞ ታውቃለች። ስልኩን ኪሷ ከታ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ሰው ሲፈራ የሚቀለው ሥራውን መቀጠል ነው፣ እሷም እንደዚያ አደረገች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ከመድረኩ በላይ የተሰቀለው ጨርቅ የድሮው ነው፤ የበፊቱ ስም በነጭ ቀለም ተሸፍኖ አዲሱ ተጽፎበታል፣ ከሥሩ የቀድሞው ፊደል ይታያል። ንግግር ያደረገው ከፓርቲው ቢሮ የመጣው ያው ሰውዬ ነው። ባለፈው እዚሁ ማይክራፎን ጋ ቆሞ ፈገግታውን ሌባና ከሃዲ ያለው እሱ ነበር። ዛሬ «ባለ ራዕይ መሪያችን በጠላቶች ሴራ ተገፍተው ቆይተው» ሲል ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ተጨበጨበ። መጨብጨቡን ማን እንደሚያቆም ጠፋና እጅ እስኪቃጠል ቀጠለ፤ አንዱ ሽማግሌ እጃቸው ሲደክም ጎናቸው ያለውን ሰው በፍርሃት እያዩ ጉልበታቸውን መምታት ጀመሩ። ማንም አያምንም፣ ተናጋሪውም ራሱ አያምንም፣ ሁሉም ይጨበጭባል። የሹፌሩ ሚስት ባሏን ፈለገችው። ከኋላ በኩል ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ዓይኗን ግን ሸሸ።

ሰብሳቢዋ በር ላይ ቆማ የግቢዋን ሰው እያስገባች ቆይታ ሁሉም መግባቱን ስታረጋግጥ የሹፌሩ ሚስት ጎን መጥታ ተቀመጠች። በጭብጨባው መሃል አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ያቺን ነገር አነሣሻት?»

«አዎ እትዬ።»

«ጎበዝ። እኔ ያየሁት ነገር የለም። ጠዋት ልነግርሽ ስል እኮ ያቺ ማዶ ያለችው በሯን ከፈተች፤ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ስትበዪው ዋልሽ። ሰው ቢጠይቅሽም የምን መጥረጊያ ነው የምትዪው።» ይህን ብላ እጇን ጨበጥ አደረገቻትና መልሳ ማጨብጨብ ጀመረች። የሹፌሩ ሚስት እንባዋ መጣ። እፎይ ብላ አለቀሰች ማለት ይቻላል፤ አጠገቧ ያሉት ግን ለአዲሱ ሊቀ መንበር ያለቀሰች መስሏቸው አንዷ መሐረብ ሰጠቻት።

ሲያልቅ ባሏን ፈልጋ አገኘችው፤ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ቤት ተጓዙ። ሰው ራቅ እስኪል ጠብቃ ነገረችው። «እትዬ ምንም አላየሁም አሉኝ። እንዲያውም ጠዋት አፋቸውን የከፈቱት ሊያስጠነቅቁን ነበር። ተርፈናል እኮ!» ሹፌሩ መራመዱን አቆመ። የመንገድ መብራት ምሰሶ ተደግፎ መሬት መሬት አየ።

«ሄጄ ነበር» አላት።

«የት?»

«የፓርቲው ቢሮ። ልቅደም አልኩ… አለቃዬን ሲወስዷቸው ልቅደም ብዬ ነው። ካናቴራዎቹን ወልውሉበት ብላ ያከፋፈለችው እሷ ናት አልኳቸው። ውሸት ነው? ንገሪኝ እስቲ፣ ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም። ክፋቱም ይኸው ነው፤ ውሸት ቢሆን ይስተባበል ነበር። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ሂድ፣ ተሳስቻለሁ በል ብላ ለመነችው። «ተሳስቻለሁ ብል የት ነው ያየኸው ይሉኛል» አላት፤ «በማን ደጃፍ ነው ቢሉኝስ? ጢስ ሆኗል ብዬ ላመልክታቸው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእኔ መሰለሽ? ለልጅቷ ነው» አለ። እውነቱን ነው ለልጁ ነው፤ ለዚህች አንዲት ልጅ ስንት ነገር ተደርጓል በዚህች ቀን።

ሲደርሱ ልጅቷ ሰብሳቢዋ ክፍል ናት። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጋዝ ምድጃና የባሏ ፎቶ ናት፤ ከባሏ በቀር በግድግዳዋ ላይ ማንም ወንድ ተሰቅሎ አያውቅም። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ትጽፋለች፤ ሰብሳቢዋ ሻይ ጥዳ ዳቦ ትቆርጥላታለች። የሹፌሩ ሚስት ገብታ ቆመች። ባሏ ከቤታቸው በር ላይ ሆኖ እንደሚያያት ጀርባዋ ያውቃል።

«እትዬ፣ አገር ቤት ሄደው ትንሽ ቀን አይሰነብቱም?» አለች።

«ምነው? ምን አየሽብኝ?»

«ዝም ብዬ ነው። ደክሞዎታል ብዬ።»

ሰብሳቢዋ ሳቀች። «ሊቀ መንበር በተለወጠ ማግስት ሰብሳቢ ድራሿ ጠፋ ቢባል ሰው ምን ይላል? ሊቀ መንበሩም እንደኔ ጉልበቱን ቢያመው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ተቀመጪ ሻይ ጠጪ።» የሹፌሩ ሚስት ግን ቆማ ቀረች። አሁን መናገር አለባት። ብትነግራት ሴትዮዋ ዛሬውኑ በጓሮ በር ትወጣለች። ብትነግራት ደግሞ ነገ ስትያዝ ማን ነገረሽ ይሏታል፣ በዱላ ይሏታል። ከዚያስ? ባሏ፣ ከባሏ ቀጥሎ እሷ፣ ከእሷ ቀጥሎ ይህቺ ጠረጴዛ ላይ ያለችው። «እትዬ፣ አንድ ነገር…» አለች። ሰብሳቢዋ ቢላዋውን እንደያዘች ዞራ ጠበቀቻት። «…ስኳር ይኖርዎት ይሆን?» አለቻት። ሰብሳቢዋም ለዚህ ነው እንዴ የተጨነቅሽው ብላ ስኳር በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት።

አንዲት መኪና መጥታ ግቢው በር ላይ ስትቆም ገና ጀምበር ሙሉ በሙሉ አልጠለቀችም። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ ትሑቶች ናቸው፣ ልብሳቸውም ንጹሕ ነው። «እናቴ፣ ለአጭር ጥያቄ ነው፤ አሁን ይመለሳሉ» አሏት ሰብሳቢዋን። ይህ «አሁን» የሚባለው ስንት እንደሚረዝም ግቢው ያውቃል። ሰብሳቢዋ ጎንበስ ብላ ምድጃውን አጠፋች፣ ዳቦውን ሸፈነች፣ ሹራቧን ደረበች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ የቁልፉን ቀዳዳ ለማግኘት ሁለቴ ሳተች። ቆልፋ ስታበቃ ቁልፉን ለሹፌሩ ሚስት ሰጠቻትና አቀፈቻት። ልጅቷ በሁለቱ መሃል ቀሚሳቸውን ይዛ ቆማ ነበር።

«ስለ ጨርቁ ይሆናል» አለቻት በጆሮዋ፤ «አንድ የተናገረ ሳይኖር አልቀረም። እኔ ደጃፍ ነበር የተነጠፈው እላለሁ። እኔ ማን አለኝ? አንቺ ልጅ አለሽ። ለባልሽም እንዳትነግሪው፤ ወንድ ይደነግጣል፣ የማይሆን ነገር ይሠራል።»

መኪናዋ ሄደች። ገርበብ ብለው የነበሩት የግቢው በሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። ሹፌሩ እጁን ኪሱ ከቶ መጣ፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ሚስቱን ሳያይ ወደ ቁልፉ እያየ ምን አለችሽ ብሎ ጠየቃት። «ቁልፉን ያዢልኝ አለች» አለችው። ሌላስ አላት። «ሌላ የለም» አለች። ማን ነው ያሳበቀብኝ አላለችም? ደጋግሞ ጠየቀ። አላለችም አለችው። ሊያምናት ፈለገ፤ ግን ዓይኑ አላመናትም፣ ያንንም አየች። ይሄ ሰው አሁን የሚያስበውን ማወቅ አቃታት። እትዬ የሚናገሩትን ቃል ቢያውቅ ነገ ጠዋት ምን ያደርግበት ይሆን ብላ አሰበች። ከሰብሳቢዋ ቃል አንዲት ፊደል እንኳ እንዳታመልጣት ጥርሷን ነከሰች። ሹፌሩ የግቢውን በር ልዝጋ ብሎ ሄደ፤ ሚስቱም ልጅቷን ይዛ ቤት ገባች።

ልጅቷ እናቷን ቀሚሷን ጎተተቻት።

«እማዬ፣ እቴቴ ለምንድን ነው እኔ ደጃፍ ነበር እላለሁ ያለችው? የኛ በር ላይ አልነበረም እንዴ?»

እናቷ ተንበርክካ አፏን በእጇ ያዘችው። ከደጅ የብረቱ መቀርቀሪያ ሲገፋ ይሰማል። «ለማንም አትናገሪ። ሰምተሻል? ለማንም።»

ልጅቷ ከእናቷ ጣቶች ሥር «ለአባዬስ?» አለች።

የሹፌሩ ኮቴ በግቢው ጠጠር ላይ እየቀረበ መጣ። ሚስቱ ወደ በሩ አየች፤ ከዚያ ልጇን ወደ ደረቷ ስባ አስጠጋቻት።

«ለአባዬም» አለቻት።